ዋይት ሐውስ የገባው አልበም

ሞናኮ በ1947 ያወጣቻት አንዲት ቴምብር በሰብሳቢዎች ዘንድ ስሟ የሚነሣው በስሕተቷ ነው። ሥዕሉ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት አልበም ዘርግተው ቴምብር ሲመለከቱ ያሳያል። ቀራጩ ፊታቸውን አሳምሮ አውጥቶታል፤ እጃቸው ላይ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ጠፋበትና ስድስት ጣት ሰጣቸው። ጣቶቹን የሚቆጥር ሰው ሲገኝ ቴምብሯ ታትማ አልቃለች።

ሩዝቬልትን ለማስታወስ የፈለገ አገር የሥዕል ርእስ አያጣም። አራት ጊዜ ተከታትለው የተመረጡ ብቸኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ናቸው። ሥልጣን በያዙበት በመጋቢት 1933 የአገሪቱ ባንኮች በራቸውን ዘግተው ነበር፤ ሥራ አጡ በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። የሽማግሌዎችን ጡረታ በሕግ ያቋቋሙት፣ በሬዲዮ ከሕዝቡ ጋር እንደ ቤተሰብ ማውራት የጀመሩት፣ አገሪቱን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመሩት እሳቸው ናቸው። ሞናኮ ከዚህ ሁሉ አልበሙን መረጠች። ሌሎች አገሮችም ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ሥዕል አውጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአንድ አጭር ወሬ እንጂ ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ብዙ መሪዎች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ፈረስ ይጋልባሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። የሩዝቬልት ግን የተለየ ነበር፤ የሚሰበስቡትን ነገር የሚያትመው ራሳቸው የሚመሩት መንግሥት ነው። ልክ እንደዚያ ያለ ሰብሳቢ ከዚያ በፊት የነበረው የእንግሊዙ ንጉሥ አምስተኛ ጆርጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ፣ ንጉሡ ሰበሰቡ፤ ፕሬዚዳንቱ ሰበሰቡም፣ ነደፉም፣ አንዳንዴም አልበማቸውንና መሥሪያ ቤታቸውን አደባለቁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእናታቸው ነው። ሣራ ዴላኖ በ1862 የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ከእናቷና ከእኅት ወንድሞቿ ጋር «ሰርፕራይዝ» በተባለ የሸራ መርከብ ከኒው ዮርክ ተነሥታ ወራት በባሕር ላይ ቆይታ ሆንግ ኮንግ ገባች። አባቷ ዋረን ዴላኖ በዚያ ነጋዴ ነበር፤ ሀብቱ የመጣው ከሻይና ቤተሰቡ ኋላ ላይ ብዙም ማንሣት ካልወደደው ከኦፒየም ንግድ ነው። ሆንግ ኮንግ የመጀመሪያ ቴምብሮቿን ያወጣችው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነበር። ልጅቷ ከቤተሰቡ ደብዳቤዎች ላይ ቴምብር መላጥ ጀመረች። ስታድግ ስብስቡን ለወንድሟ ለፍሬደሪክ ሰጠችው፤ እሱም ጨማምሮበት ለእኅቱ ልጅ ለትንሹ ፍራንክሊን አወረሰው።

ፍራንክሊን በጥር 1882 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሃድሰን ወንዝ ዳር ባለችው ሃይድ ፓርክ የተወለደ የባለጠጋ ልጅ ነው። ከወላጆቹ ጋር አውሮፓን አዘውትሮ ይጎበኝ ነበር፤ እስከ 14 ዓመቱም የተማረው በቤት ውስጥ በአስተማሪ ነው። ብቻውን የሚያድግ ልጅ አልበም ሲያገኝ የሚያደርገውን አደረገ፤ ተዘፈቀበት። ቴምብር መሰብሰብ ሲጀምር ገና ስምንት ዓመቱ ገደማ ነበር፤ እስኪሞትም አልተወውም። ሃርቫርድ ሲገባ፣ በ1910 ለኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጥ፣ ከ1913 እስከ 1920 የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ረዳት ሆኖ ሲሠራ አልበሙ ከኋላው ይከተለው ነበር። በ1917 ለሥራ ሃይቲ ደርሶ ተመለሰ፤ የሃይቲ ቴምብሮች ከሚወዳቸው ክፍሎች አንዱ ሆኑ። ሌላው፣ እንደሚጠበቀው፣ ሆንግ ኮንግ ነበር።

በነሐሴ 1921 ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ሩዝቬልት 39 ዓመታቸው ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ቢሸነፉም ስማቸው በአገሩ ሁሉ ታውቋል። ካናዳ ውስጥ ካምፖቤሎ በምትባለው ደሴት ከቤተሰባቸው ጋር በእረፍት ላይ ሳሉ ትኩሳት ያዛቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም እግሮቻቸው አልታዘዝ አሉ። የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለ ብረት ድጋፍና ያለ ሰው ክንድ አልቆሙም።

ተከታዮቹን ወራት ያሳለፉት አልጋ ላይ ነው። በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ፣ በሩጫና በመዋኘት፣ በመርከብ ቀዘፋ የኖረ ሰው ምን ይሠራል? እጆቻቸው ደኅና ነበሩ። ወረንጦና ማጉያ መነጽር፣ ካታሎግና አልበም ይዘው ሰዓቱን ገፉት። በሽታው ከያዛቸው በኋላ የቴምብሩ ነገር ከልጅነት ልማድ አልፎ የቀን ሥርዓት ሆነ። በ1928 የኒው ዮርክ አገረ ገዢ ሆነው ተመርጠው ወደ ፖለቲካው ሲመለሱም ሥርዓቱ አልተቋረጠም።

ዋይት ሐውስ ከገቡ በኋላ ደግሞ አዲስ ምንጭ ተከፈተላቸው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከዓለም ዙሪያ የሚመጡለትን ፖስታዎች እየለየ ቴምብሮቹን ይልክላቸው ጀመር። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው ይለጥፉ፣ ይለዩ፣ በእጅ ጽሑፋቸው ከጎኑ ይጽፉ ነበር። ጉዞ ሲሄዱ በሣጥን ያስይዙታል። በጦርነቱ ጊዜ አማካሪዎቻቸው የማያውቋቸውን የፓስፊክ ደሴቶች ካርታ ሳይገልጡ በስም ሲጠሩ የሰሙ ሰዎች ምስጢሩ አልበሙ ነው ይሉ ነበር። እውነትም ለአንድ ሰብሳቢ ደሴት ማለት ቴምብር ያወጣች መሬት ናት፤ የማን ቅኝ ግዛት እንደሆነች፣ በምን ገንዘብ እንደምትገበያይ፣ ምን እንደምትነግድ ከዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ይነበባል።

ይሁንና በስብስባቸው ጥራት ከታላላቆቹ ሰብሳቢዎች ጋር አይመደቡም። ባለሙያዎች የሚንሰፈሰፉላቸው እጅግ ብርቅ ቴምብሮች አልነበሯቸውም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሆነው ስብስብ አብዛኛው በገበያ ዋጋው ኢምንት ነው። ሩዝቬልት የሚወዱት ብርቅነቱን ሳይሆን ብዛቱንና ታሪኩን ነበር።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። በ1930ዎቹ ደብዳቤ የሁሉ ሰው መገናኛ ነበር። ስልክ በብዙ የገበሬ ቤት አልገባም፤ ቴሌቪዥን ገና አልመጣም። በ3 ሳንቲም ቴምብር የታሸገ ደብዳቤ ግን ተራራ አቋርጦ የማይደርስበት ቤት የለም። ሩዝቬልት ይህን ከማንም ቀድመው የተረዱ ፖለቲከኛ ነበሩ። በዘመናቸው የወጡት ከ200 በላይ ቴምብሮች ንድፍ ሁሉ በጠረጴዛቸው ላይ አልፏል፤ አንዳንዱን አርመዋል፣ ቀለሙን ለውጠዋል፣ ጥቂቱን ደግሞ በእርሳስ ራሳቸው ሞነጫጭረው ለፖስታ ሚኒስትራቸው ለጄምስ ፋርሊ አስረክበዋል።

ለምሳሌ በ1933 የወጣችው የአድሚራል ሪቻርድ ባይርድ የደቡብ ዋልታ ጉዞ ቴምብር የእሳቸው ሐሳብ ነበረች። ባይርድ አንታርክቲካ ላይ «ሊትል አሜሪካ» ወደሚባለው ሠፈር ሲያቀና ደብዳቤ እንዲወስድ ተደረገ፤ ሰብሳቢው ከ3 ሳንቲሙ ቴምብር በተጨማሪ 50 ሳንቲም ከፍሎ ፖስታው እዚያ ድረስ ተጉዞ ማኅተም ተመትቶበት እንዲመለስለት ያደርጋል። ቻርልስ አንደርሰን የተባለ የፖስታ ሠራተኛ በበረዶው መካከል ማኅተም ሊመታ ወደዚያ እስከ መላክ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት የእናቶች ቀን ቴምብር ወጣ። ሥዕሉ የሠዓሊው የዊስለር ዝነኛ የእናት ሥዕል ነው፤ ሐሳቡም በፕሬዚዳንቱ እርሳስ የተጀመረ ነው። ግን አታሚዎቹ ሥዕሉን ቆርጠው ከእግሯ አጠገብ ዋናው ሥዕል ላይ ያልነበረ የአበባ ማሰሮ ጨመሩበት። ሠዓሊዎች ጮኹ። አዘጋጆቹ «አበባ የሌለው የእናቶች ቀን ምን ይመስላል» ብለው አስበው ይሆናል፤ የሥዕል ጉዳይ ለቢሮ ሲተው ከዚህ የባሰም ይመጣል።

የአየር መልእክት ቴምብሮች ላይ ደግሞ ይበልጥ ተሳክቶላቸዋል። በነሐሴ 1934 የወጣችው የ16 ሳንቲም የአየር አስቸኳይ መልእክት ቴምብር የአገሪቱን ማኅተም የያዘች ሲሆን የተነሣችው ከሩዝቬልት ንድፍ ነው። በግንቦት 1938 የወጣችው ሰማያዊና ቀይ የ6 ሳንቲም ንስርም እንደዚያው። ሁለት ቀለም ማተም በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

ፋርሊ ግን ከቴምብር ጋር ምንም ትውውቅ አልነበራቸውም። ጎበዝ የምርጫ ዘመቻ መሪ ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱን ለሥልጣን ያበቃውን የፓርቲ ድርጅት ያንቀሳቀሱት እሳቸው ናቸው፤ የፖስታ ሚኒስትርነቱም እንደ ልማዱ የዚያ ውለታ ምላሽ ነው። አንድ ነገር ግን በደንብ ያውቁ ነበር፤ አለቃቸው ቴምብር ይወዳሉ። ስለዚህ አዲስ ቴምብር በሚታተምበት ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ሄደው ገና ሙጫ ያልተቀባ፣ በዳር በዳሩም የመገንጠያ ቀዳዳ ያልተበሳ ሙሉ ገጽ ያነሣሉ። ዋጋውን በላዩ ላይ በተጻፈው ልክ ከኪሳቸው ይከፍሉና ፈርመው ለፕሬዚዳንቱ ያበረክታሉ። ለሌላው ሰብሳቢ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስና ለጥቂት ወዳጆችም ይደርሳቸዋል።

ፋርሊ ጉዳት አልታያቸውም። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። ለሰብሳቢ ግን ሙጫና ቀዳዳ የሌለው ገጽ ሌላው ሰው በምንም ገንዘብ ሊያገኘው የማይችል ብርቅ ነው፤ ያችን የ3 ሳንቲም ቴምብር በአንድ ሌሊት በብዙ እጥፍ ያስወድዳታል። ሳይውል ሳያድር አንደኛው የእናቶች ቀን ገጽ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ ከተማ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። የቴምብር ማኅበራት ተቆጡ፣ ጋዜጦች አነሡት፣ ተቃዋሚዎች በምክር ቤት «ይመርመርልን» አሉ። ሥራ አጥ በዳቦ ወረፋ በቆመበት ዘመን ሹማምንት የመንግሥትን ቴምብር እንደ ስጦታ ይከፋፈላሉ የሚለው ወሬ ለየትኛውም መንግሥት አይመችም። ያውም ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሰብሳቢ ናቸውና ምን ዓይነት ስጦታ እንደተቀበሉ አላወቁም ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ ሩዝቬልትን ከፋርሊ ይልቅ የሚወቅስ ሰው ቢኖር ትክክል ነው።

መፍትሔው ብልህ ነበር። ብርቁን ተራ ማድረግ። ከመጋቢት 15 ቀን 1935 ጀምሮ ፖስታ ቤቱ የ20 ቴምብሮችን ሙጫ የሌለው ገጽ አትሞ ለፈለገ ሁሉ በመደበኛ ዋጋ ሸጠ። የተቆጣው ሕዝብ ተሰልፎ ገዛ፤ መንግሥትም አተረፈ። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ እነዚያን ገጾች «የፋርሊ ቂልነት» ይሏቸዋል። ያ ሁሉ ሁካታ ለቴምብር ስብስብ ያደረገለትን ማስታወቂያ ግን በገንዘብ መግዛት አይቻልም ነበር። በ1939 ፖስታ ቤቱ ቴምብር የሚያሳይ ልዩ መኪና ከዋይት ሐውስ አስነሥቶ በየከተማው፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ አዞረ።

የሩዝቬልት ቴምብሮች ፖለቲካቸውን የሚያሳዩትን ያህል የፖለቲካቸውን ድክመትም ያሳያሉ። በሚያዝያ 1940 ከባርነት ወጥቶ አላባማ ውስጥ የተስኪጊን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በአሜሪካ ቴምብር ላይ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ይህ በፕሬዚዳንቱ በጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም። ሜጀር ሪቻርድ ራይት የተባሉ፣ ራሳቸው በባርነት የተወለዱ የፊላደልፊያ ባለ ባንክ ለዓመታት ደብዳቤ ሲጽፉና ሲወተውቱ ኖረዋል። ቴምብሯ የ10 ሳንቲም ነበረች፤ ፋርሊ ራሳቸው ተስኪጊ ድረስ ሄደው ንግግር አደረጉ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ባርነት የተሻረበት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቴምብር ተከተለ።

ነገር ግን ጥቁር አሜሪካውያንን ያለ ፍርድ የሚሰቅለውን የመንጋ ግድያ በፌዴራል ሕግ ለመቅጣት የቀረበውን ረቂቅ ሩዝቬልት በሙሉ ኃይላቸው አልገፉትም። የደቡብ ግዛቶች የምክር ቤት አባላት ሌሎች ሕጎቻቸውን እንዳያሰናክሉባቸው ፈሩ። ሠራዊቱም በዘር እንደተከፋፈለ ዘምቷል። ቴምብር ማውጣት የምክር ቤት ድምፅ አይጠይቅም፤ ያ ምቾቱም ነው፣ ጉድለቱም። በየካቲት 1942 በፊርማቸው ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ማጎሪያ ሠፈር የተጋዙት በእኚሁ ሰው ዘመን ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ።

ጦርነቱ ሲመጣ ትንሿ ወረቀት ዲፕሎማት ሆነች። ቻይና በጃፓን ላይ የተነሣችበት አምስተኛ ዓመት በሐምሌ 1942 ሲታሰብ የአብርሃም ሊንከንና የቻይናው መሪ የሱን ያት ሴን ምስል ጎን ለጎን የያዘች የ5 ሳንቲም ቴምብር ወጣች። በላይዋ የቻይንኛ ጽሕፈት አለባት። 5 ሳንቲም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ መልእክቱ ለአሜሪካውያን ብቻ ሳይሆን ፖስታውን ለሚቀበለው የባዕድ አገር ሰውም የታሰበ ነበር።

ከሁሉ የሚልቀው ግን በ1943 እና በ1944 የወጣው ተከታታይ ነው። በአክሲስ ኃይሎች የተያዙ 13 አገሮች ባንዲራ አንድ በአንድ በየቴምብሩ ላይ ተሳለ። ፖላንድ በሰኔ 1943 ቀደመች፤ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ኖርዌይ፣ ሉክሰምበርግ፣ ኔዘርላንድ፣ ቤልጅየም፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ዩጎዝላቪያ፣ አልባኒያ፣ ኦስትሪያና ዴንማርክ ተከተሉ፤ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ሥር የነበረችው ኮሪያ በመጨረሻ በኅዳር 1944 ወጣች። በባንዲራው በአንድ በኩል ከአመድ የሚነሣው ፊኒክስ ወፍ፣ በሌላው ሰንሰለቷን የምትበጥስ ሴት አሉ። የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት በብዙ ቀለም ማተም ስላልቻለ ሥራው ለግል ኩባንያ፣ ለአሜሪካን ባንክ ኖት ተሰጠ። በተለመደው ገጽ ጠርዝ ላይ የማተሚያ ሰሌዳው ቁጥር ይገባል፤ በእነዚህ ግን ከቁጥሩ ፈንታ የአገሩ ስም ተጻፈ። ሰብሳቢው የፖላንድ ስም ያለበትን ጥግ ለማግኘት ወረፋ ይይዛል፣ ሳያስበውም የፖላንድን ነገር ያነሣል። ሐሳቡን ያመጡት ሰብሳቢው ፕሬዚዳንት መሆናቸው ከዚች ጥግ ይታወቃል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝርዝሩን ሲያይ አንድ ስም ያጣል። ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ በፊት፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጦር የተወረረችው ኢትዮጵያ የለችበትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተከታታዩ ሲወጣ ተይዘው ላሉ አገሮች ነበር፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ወጥታለች። ቢሆንም የዚያ ዘመን ሌላ ወረቀት መታወስ አለበት። ሩዝቬልት በነሐሴ 1935 የፈረሙት የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ተዋጊ ወገኖች መሣሪያ መሸጥን ከለከለ። ሮም የራሷ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፤ አዲስ አበባ አልነበራትም። ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል የሚመስለው በወረቀት ላይ ነው። በሌላ በኩል ዋሽንግተን የጣሊያንን ወረራ በሕግ አላጸደቀችም፤ ከነፃነት በኋላም በጦርነቱ ጊዜ ለወዳጅ አገሮች ከተፈቀደው እርዳታ ኢትዮጵያ ተካፋይ እንድትሆን አድርጋለች።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ አገሮች መሪዎች መገናኘት መጣ። ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ «ኩዊንሲ» የተባለችው የጦር መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ፣ ታላቁ መራራ ሐይቅ ውስጥ መልሕቋን ጣለች። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መርከቧ ወጡ። ያነሡት ጉዳይ የባሕር በርና የኤርትራ ነገር፣ የባቡር መስመሩና የጦር ካሣው ነበር። ከአሜሪካ መንግሥት አራት ወታደራዊ መኪኖች በስጦታ ተሰጣቸው። በዚያው ቀን እዚያው መርከብ ላይ የተስተናገዱት ሌላው እንግዳ የግብፁ ንጉሥ ፋሩክ ነበሩ፤ እሳቸውም የለየላቸው ቴምብር ሰብሳቢ። የፋሩክ ስብስብ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ በ1954 ካይሮ ላይ ተቸበቸበ። ኢትዮጵያ ደግሞ ሩዝቬልት ከሞቱ በኋላ በ1947 ምስላቸውን የያዙ ቴምብሮች አወጣች፤ ከፊሎቹ ላይ ንጉሠ ነገሥቱና ፕሬዚዳንቱ አብረው ይታያሉ።

የዚያን ዕለት መርከቧ ላይ የተነሡትን ፎቶዎች ያየ ሰው የፕሬዚዳንቱን ፊት አይረሳም። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ከሁለት ወር በኋላ ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ፣ ለልምሻ ሕሙማን ባቋቋሙት የፍል ውኃ ሥፍራ በእረፍት ላይ ነበሩ። ፖስታ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በሚያዝያ 25 ለሚከፈተው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቴምብር እያዘጋጀ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያ ጉባኤ ከተገኙት 50 አገሮች አንዷ ነበረች። ሩዝቬልት ራሳቸው ተገኝተው ጉባኤውን ሊከፍቱ አስበው ነበር፤ ቴምብሯንም አጽድቀዋታል። ሥዕል የላትም፣ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሚለውን ቃልና ቀኑን ብቻ ይዛለች። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ሠዓሊ እየሣለቻቸው ሳለ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ በ63 ዓመታቸው በዚያው ቀን ሞቱ። ቴምብሯ ጉባኤው በተከፈተበት ቀን ስትወጣ ከጽሑፉ ሥር የፍራንክሊን ሩዝቬልት ስም ተጨምሮባት ነበር።

አሜሪካ በዚያው ዓመት የመታሰቢያ ቴምብሮቿን ማውጣት ጀመረች። በአንዷ ላይ ሃይድ ፓርክ፣ በሌላዋ ዋርም ስፕሪንግስ፣ በሦስተኛዋ ዋይት ሐውስ አለ። ስብስቡ ግን ቤተሰቡ ጋር አልቀረም። የውጭ መንግሥታት በይፋ ያበረከቷቸው አልበሞች በ1941 ወደተከፈተው የሃይድ ፓርክ ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ የግል ስብስባቸው በ1946 ኒው ዮርክ ላይ ኤች. አር. ሃርመር በተባለው ድርጅት በተከታታይ ጨረታ ቀረበ። ጠቅላላው ሽያጭ አዋቂዎች አስቀድመው ከገመቱት ዋጋ እጅግ በልጦ ከ200,000 ዶላር በላይ ደረሰ። ከተጫራቾቹ መካከል አልበም ነክቶ የማያውቅ፣ የሰውዬው የእጅ ጽሑፍ ያለበት አንድ ገጽ ብቻ የፈለገ ሰው ብዙ ነበር።

ድርጅቱ በፖስታዎቹና በአልበም ገጾቹ ጀርባ ላይ ከሩዝቬልት ስብስብ መምጣታቸውን የሚመሰክር ማኅተም መታባቸው። በሌላ ጊዜ በጀርባ ላይ የተመታ እንግዳ ቀለም የአንድን ዕቃ ዋጋ ይጥላል፤ በእነዚህ ላይ ግን አስወደደው። ዛሬም ጨረታ ላይ ሲወጡ ገዢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባቸውን ነው።